የደረጃው ሥር ሳጥን

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየቀኑ ትንሽ ጻፊ አለችኝ። ምን ልጻፍ ስላት፣ የምታመሰግኚበትን አንድ ነገር፣ አለች። ልጁን ለቀበረ ሰው እንዲህ ይባላል ወይ ልላት አፌ ላይ ደረሰና ዋጥኩት። ልጅ እግር ናት፤ ክፉ አስባ አይደለም። ቤት ስደርስ ለምራቴ ነገርኳት። ወጥታ ይህን ደብተር ገዝታ መጣች። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው። እስክሪብቶም አብራ ገዝታለች።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ነው። እጄ ይዘገያል። ፊደሉን እንደ ጥልፍ አንድ በአንድ ነው የምተክለው። ስለዚህ ማለዳ፣ ሰፈሩ ሳይነቃ፣ ማንም ሳያየኝ እጽፋለሁ።

የዛሬው ምስጋና፦ የስልኬ ቻርጀር ተቃጠለ፤ ስልኬ ግን ተረፈ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ትናንት ሬዲዮው ዜና እያወራ መሃል ላይ ዝም አለ።

ልጄ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። የዚህን ቤት ሽቦ፣ የእኛን የላይኛውንም የታችኛውንም፣ የዘረጋው እሱ ነው። ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ፤ ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። አሁን በላይኛው ቤት የምንኖረው እኔና ሚስቱ ብቻ ነን።

ልጄ ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ ግድግዳውን አይጠረጥርም ነበር። «እማ፣ ከዕቃው ተነሺና ወደ ግድግዳው ሂጂ» ይለኛል። መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ ገመዱ፣ ቀጥሎ ስፒናው፣ ቀጥሎ ሶኬቱ። መርፌ የጠፋበት ሰው ከተቀመጠበት ጀምሮ እንደሚዳብሰው ማለት ነው።

እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ስፒናውን ነቀልኩ። የመሣሪያ ቦርሳውን ከአልጋው ሥር ስቤ ካቻቢቴውን አወጣሁ። ቦርሳውን ስከፍተው የመጀመሪያዬ ነው፤ የጎማና የእጁ ላብ ሽታ አለው። ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ የሬዲዮውን ጀርባ ፈታሁ። ውስጡ የጣት ጫፍ የምታህል የመስታወት ፊውዝ አለች፤ ክሯ ተበጥሶ ጠቁራለች። ሱቅ ወርጄ የሷን እህት ገዛሁ። ስከታት ሬዲዮው ጮኸ። ምራቴ ከክፍሏ ብቅ ብላ፣ እማዬ፣ እርስዎም ደሞዝ ሊቆረጥልዎት ነው፣ አለችኝ።

ምስጋና፦ እጄ። የሚዘገይ እጅም ብሎን ይፈታል።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ቴሌቪዥኑ። ስናበራው አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

በልጄ መንገድ ሄድኩ። ገመዱ ደህና። ስፒናው ደህና። ሶኬቱ ላይ የራስጌ መብራት ሰክቼ ሞከርኩ፤ በራ። እንግዲህ ጥፋቱ የዕቃው ነው። እኔና ምራቴ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ እንደ በሽተኛ ግራና ቀኝ ይዘን፣ ጥገና ቤት ወሰድነው። መንገድ ላይ አንዱ፣ ይማርላችሁ፣ ብሎን አለፈ። ሳቄ አመለጠኝ።

ጠጋኙ ከፈተውና እንደ ትንንሽ ከበሮ የቆሙ ነገሮች አሳየን። የሁለቱ ሆድ አብጧል። ፓወሩ ነው አለ። እነዚህ እንዲህ የሚነፉት ከአቅማቸው በላይ ሲጎርሱ ነው፤ ቤታችሁ ኃይል ይበዛል ወይ፣ ማነው የዘረጋላችሁ፣ ብሎ ጠየቀ። ልጄ ነው አልኩት። ስሙን ስነግረው አውቆት ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ሌላ ነገር አልጠየቀም።

ምራቴ ፈጠን ብላ፣ ቴሌቪዥኑ አርጅቶ ነው፣ አለች።

አላረጀም። ለሰርጋቸው የተገዛ ነው። ለምን እንዲህ እንዳለች አልጠየቅኳትም። እኔም ቀበል አድርጌ፣ አዎ አርጅቷል፣ አልኩ።

ምስጋና፦ ይሠራል ብሏል።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ምራቴ ከቤት ስትወጣ ስፒና ሁሉ ትነቅላለች። የፍሪጁን ሳይቀር። ወተቱ ተበላሸ። ምነው ስላት፣ ለቁጠባ ነው፣ አለች። ቆጣቢ አይደለችም። ምስጋና፦ ወተቱ ትንሽ ነበር።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ከእኛ በታች የምትኖረው ሴት ዳቦ ጋግራ ትሸጣለች። ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ አላት። ጋጋሪዋ ነው የምንላት፤ እሷም ወዳዋለች። ትናንት ሁለት ዳቦ ይዛ ወጣች፤ ልታስቀምሰኝ ሳይሆን ልታማክረኝ።

ምድጃዋ ሰነፈባት። ዳቦው ገርጥቶ፣ ወባ ይዞት የተነሳ መስሎ ነው የሚወጣው። አምፖሏም ያኔ ጭል ጭል ይላል። እርሾሽ ይሆናል አልኳት። አንቺ ሴትዮ፣ ስታገቢ እርሾ ያበደረችሽ ማን ሆነችና ነው፣ ብላ ሳቀችብኝ። እንዲህ ብትስቅም ፊቷ ላይ ጭንቀት ነበር። ደንበኛ የገረጣ ዳቦ አይወድም።

እሷን ሸኝቼ ስመለስ ምራቴ በስልክ ከወንድሟ ጋር እያወራች ነበር። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፦ «እሷን ብቻዋን ጥዬ?» ከዚያ አዳመጠች። ከዚያ ደግሞ፦ «አልመጣም አላልኩም እኮ።»

ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ሳህን መልሼ አጠብኩ።

ምስጋና፦ ዳቦው ቢገረጣም ጣዕሙ ያው ነው።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ደረጃውን ቀለም የሚቀባ ሰው መጣ። ከደረጃው ሥር የሽቦ ማገናኛ ሳጥን አለ፤ ከመንገድ የሚመጣው መስመር ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው ቤት የሚከፈልበት። ቀቢው ክዳኑን ፈትቶ ሊቀባው ሲል ጮህኩበት። ክዳኑ ላይ የልጄ አውራ ጣት በግራሶ ታትሞ አለ። እሱ የነካውን ማንም አይነካብኝም አልኩት። ሰውዬው፣ እሺ እናቴ፣ ብሎ ዙሪያውን ብቻ ቀባ።

ምራቴ ከላይ ቆማ ታየን ነበር። ቀቢው ሳጥኑን አልፎ እስኪሄድ ድረስ ወደ ውስጥ አልገባችም።

ምስጋና፦ የቀቢው ትዕግሥት።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ትናንት የምራቴ ወንድም መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ስፌት ቤት ከፍቷል፤ አምስት የስፌት መኪና አለው፤ ልብስ ቀዳጅ ያስፈልገዋል። እሷ ደግሞ በመቀስ እጇ የታወቀች ናት። እዚያ ክፍልም አዘጋጅቶላታል፣ መስኮቱ ፀሐይ የሚያስገባ። ይህን ሁሉ የነገረው ለኔ ነው፤ እሷ ሻይ እየቀዳች ነበር። ልጅም ቢኖራቸው ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፣ አለ። ክፉ ቃል አይደለም። እውነቱን ነው።

እሷ የራሷ ሰው ናት፣ አልኩት። ድምፄ ቀጥ ያለ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሄደ።

ከሄደ በኋላ፣ አትሂጂ ማለት ነበረብኝ ወይስ ሂጂ፣ እያልኩ ዋልኩ። «የራሷ ሰው ናት» ማለት ሁለቱንም አለማለት ነው። ፈሪ ሰው የሚናገረው ነገር ነው። እሷም ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አላነሳችም። ማታ ለእራት የምወደውን ሠራች፤ ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። የሚሰናበት ሰው ደግ ይሆናል።

ምስጋና፦ ዛሬ እዚህ አለች።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ጣለ። ማለዳ ተነስቼ የወጥ ቤቱን መብራት ሳበራ ግን፣ እንዲህ ደምቆ አያውቅም። የሙሽራ ቤት መሰለኝ። ሳህኑ፣ ድስቱ፣ የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር ወለል ብሎ ታየኝ። መነጽሬን ሳላደርግ ምስር ለቀምኩ። ከታች የጋጋሪዋ ምድጃ ይሸታል፤ ማለዳ ስለምትለኩስ።

ምስጋና፦ ብርሃኑ። እንዲህ ያለ ብርሃን።

ምራቴ ተነስታ ስትገባ አምፖሉን ቀና ብላ አየችና ወዲያው አጠፋችው። ነግቷል እኮ፣ አለች። ገና አልነጋም ነበር።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

በችኮላ ነው። የስፌት መኪናዋ ሞተር ተቃጠለ። ጭስ ወጣ። መስኮት ከፈትን። እጇ ደህና ነው። ተመስገን። ለክሊኒክ እንድትሰፋ የታዘዘችው ነጭ ጋውኖች ገና አላለቁም፣ የሚረከቡት ሰኞ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ጋውኖቹ አልቀው ተላኩ። እንዴት እንዳለቁ ልጻፍ፤ ለዚህ ቀን ሙሉ ገጽ ይገባዋል።

ቅዳሜ ማለዳ ምራቴ የሞተሩን ቀበቶ አወለቀችና የመኪናውን መሽከርከሪያ በእጇ ማዞር ጀመረች። በአንድ እጅ እያዞሩ በአንድ እጅ ጨርቅ መምራት ግን አይሆንም፤ ስፌቱ ይጣመማል። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና መሽከርከሪያውን ያዝኩ። መጀመሪያ እኔ ስፈጥን እሷ ስትዘገይ ክሩ ይበጠስ ነበር። እማዬ፣ ሎሚ እየጨመቁ አይደለም፣ ቀስ፣ ትለኛለች። ከዚያ ተግባባን። አንገቷን ሰበር ስታደርግ አቆማለሁ፤ ቀና ስትል አዞራለሁ። ቅዳሜንና እሑድን እንዲህ ዋልን። ክንዴ እስካሁን የኔ አይደለም። ልጄ ከሞተ ወዲህ እንደነዚያ ሁለት ቀናት ልቤ ያረፈበት ጊዜ የለም። ብጽፈው አላፍርም።

ያበላሸሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ትናንት የመጨረሻውን ቁልፍ ከተከልን በኋላ፣ ሞተሩ ለምን እንደተቃጠለ ልፈትሽ ተነሳሁ። ገመዱ ደህና። ስፒናው ደህና። ሶኬቱን ፈታሁ፤ ሽቦው ጠብቋል፣ የጠቆረም የለ። እንግዲህ ሞተሩ ራሱ ነው፣ አልኩ። ካቻቢቴውን ወደ ቦርሳው መለስኩ።

ምራቴ ክር እየሰበሰበች ነበር። ቀና ሳትል፦

«እሱ ሶኬቱ ጋ አያቆምም ነበር» አለች።

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። ክሯን መሰብሰቧን ቀጠለች። ደግሜ ጠየቅኳት። ቻርጀሩ፣ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ አሁን ሞተሩ፣ አለች፤ አራት ዕቃ በአንድ ክረምት በራሱ ጊዜ አይሞትም። መሰላልን እንጥራው፣ አለች። መሰላል የልጄ ጓደኛና የሥራ ባልደረባ ነው። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ልጄ ነው ስሙን ያወጣለት፤ መሰላል ረስተን ስንሄድ እሱ ላይ እንወጣለን ይል ነበር። ከለቅሶው በኋላ ደጃችን ድርሽ አላለም።

ያልኩትን እጽፈዋለሁ። «የሚወስድሽ ቤት አግኝተሽ ነው የሱ ቤት ሁሉ ነገሩ የተበላሸብሽ?»

ክሩን ሰብስባ ጨረሰች። መቀሱን ቦታው ሰቀለችው። ክፍሏ ገባች።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ምስጋና አላገኘሁም። ፈልጌ አጣሁ። ደህና አደሩ ብላኛለች፤ እንደ እንግዳ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ትናንት ማለዳ መብራቱ እንደገና ደመቀ። አሁን ግን አላመሰገንኩም፤ ቆሜ አየሁት። ወዲያው ከታች ጋጋሪዋ ስታማርር ሰማሁ። ይኸው ደግሞ ሊያሾፍብኝ ጀመረ፣ ትላለች ምድጃውን።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። የሷ የሚሰንፈው የኛ ሲደምቅ ነው።

ደረጃው አፋፍ ላይ ወጥቼ፣ ምድጃሽን አጥፊው እስቲ፣ ብዬ ጮህኩ። ለምን፣ ትላለች። አጥፊውና እነግርሻለሁ። አጠፋች። አምፖላችን ወደ ቀድሞው ተመለሰ። አብሪው። አበራች። አምፖሉ እንደገና ዓይን የሚወጋ ሆነ። አጥፊው። አንቺ ሴትዮ፣ ዳቦዬን ነው ወይስ ልቤን የምታበስይው፣ አለች። ምራቴ ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አምፖሉን አየች፣ እኔን አየች። የገረማት አልመሰለችም። ከኔ በፊት የምታውቅ ሰው ፊት ነው ያየሁባት። ስፒናው ሁሉ፣ ወተቱ፣ «አርጅቶ ነው» ያለችው፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጣልኝ። ክረምቱን ሙሉ ስትጠብቅ የከረመችው ዕቃውን ሳይሆን እኔን ነበር።

ወደ ደረጃው ሥር ወረድኩ። መዳፌን ሳጥኑ ላይ አኖርኩ። ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር ነው የመሰለኝ።

ለጋጋሪዋ ዋናውን ማጥፊያ ልናወርደው ነው አልኳት። ሊጡ ቦክቷል እኮ፣ አለች። ከዚያ እሷም ሳጥኑን ነካችና እጇን ሳበች። ሊጡን ተጋግዘን ሦስተኛው ቤት ምድጃ ወሰድን። ምራቴ ትልቁን ገበቴ ተሸከመች። መንገድ ላይ አጠገቧ ስደርስ፣ ያልኩሽን ይቅር በይኝ፣ አልኳት። ሊጡ ሊፈስ ነው ቀጥ ብለው ይያዙ፣ አለችኝ። ከዚያ ራመድ ብላ፣ ይቅር ብያለሁ፣ አለች፤ ወደ ፊት እያየች።

ለመሰላል የደወልኩለት እኔ ራሴ ነኝ። አንዴ ሳይጠራ አነሳው።

ምስጋና፦ ሳጥኑ ጠበቀን። ዝናብ እየዘነበ፣ እኛ ተኝተን እያለን፣ ጠበቀን።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

መሰላል መጣ። በሩን ሲገባ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲልም ዓይኔን አላየም። ከስቷል። ለቅሶው ላይ አጥብቆ አቅፎኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለምን እንደራቀ ሳስብ የከረምኩት ሌላ ሌላ ነገር ነው።

ዋናው ማጥፊያ መውረዱን ሁለት ጊዜ አረጋገጠ። የሳጥኑን ክዳን ሲፈታ አውራ ጣቱን ከግራሶው ምልክት አርቆ ነበር። ይህን አየሁ። ከውስጡ የቀለጠ ናስትሮ ሽታ ወጣ። ወፍራሞቹ ሽቦዎች በብሎን ማያያዣ ታስረዋል፣ ንጹሕ ሥራ። አንዱ ብቻ፣ የመመለሻው፣ እርስ በርስ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ፈስሶ፣ መዳቡ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

መሰላል እንዲህ ብሎ አስረዳን። ሁለቱ ቤቶች ያንን የመመለሻ ሽቦ በጋራ ነው የሚጠቀሙት። እሱ ሲላላ፣ ቤቶቹ የመጣላቸውን ኃይል እርስ በርስ መነጣጠቅ ይጀምራሉ። ታች ምድጃው ሲለኮስ፣ እዚያ የጎደለው ላይ ቤት ይተርፋል። የተረፈው ነው ቻርጀሩን፣ ሬዲዮውን፣ ሞተሩን የበላው። ትንሽ ቢቆይ ደረጃውን ይበላ ነበር።

ከዚያ ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

«እማማ፣ ይቺን የቋጠርኩት እኔ ነኝ» አለ። «የጋጋሪዋ ምድጃ የመጣ ጊዜ ነው። ማያያዣ አልቆብን ነበር። ነገ እመለሳለሁ አልኩ። እሱ የሠራው ሁሉ ይኸው ደህና ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጋጋሪዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ምራቴ መሬት መሬት ታያለች።

እኔ ሽቦውን አየሁ። ልጄ ግራኝ ነበር። ትንሽ ሆኖ የጫማውን ማሰሪያ ሳስተምረው ሁልጊዜ በተቃራኒ ነበር የሚያዞረው፤ ገመድ ሲገምድ፣ የጠርሙስ ክዳን ሲዘጋ፣ እንዲሁ። ከላዩ ያሉትን ትንንሽ የመሬት ሽቦዎች ያሰረው መሰላል ነው፣ ቤቱ ሲዘረጋ አይቼዋለሁ፤ የተጠመዘዙት ሁሉ ወደ ቀኝ ነው። የጠቆረው ሽቦ ወደ ግራ ተጠምዝዟል።

አንድ ቃል ባልናገር ልጄ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ይህ ረጅም ልጅ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጥፋት ተሸክሞ፣ ደጄን እየሸሸ ይኖራል። ምራቴም የምታውቀውን እንደደበቀች ትቀራለች።

«ተው፣ ልጄ» አልኩት። «የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ያሳደግኩት እጅ ነው።»

መሰላል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ብቻ ነው የሚታየኝ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ትናንት ሁሉንም አልጻፍኩም፤ እጄ ደከመ።

መሰላል ሽቦውን ቆርጦ፣ ንጹሑን መዳብ ልጦ፣ በብሎን ማያያዣ ሲያስር አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሲጨርስ እውነቱን ነገረኝ። ያን ቀን ማያያዣ አልቆባቸው ነበር፣ ይህኛው እውነት ነው። ልጄ ነው የጠመዘዘው፤ ለዛሬ ብቻ ብሎ። በነጋታው ሥራ ተጠሩ። በሳምንቱም እንዲሁ። መሰላል ሲያስታውሰው፣ ቤቴ አይደል፣ የት ይሄድብኛል፣ ይለዋል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይህ ነው። ለቅሶው ላይ መሰላል ነገሩ ትዝ አለው። ለኔ ልጅሽ ሥራ አጉድሏል ብሎ እንዴት ይንገረኝ? ደብቆ እንዳይሠራው ደግሞ እኔ ሳጥኑን የሚነካውን ሁሉ አባርራለሁ። ለምራቴ ነገራት። እሷም ለኔ መንገር አቃታት። ሁለቱም እኔን ሲጠብቁ ቤቱ ሊቃጠልብን ነበር።

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ወደ ሳጥኑ ዞሬ፣ «አንተ ሰነፍ!» አልኩት። «ነገ ነገ! የሰው ቤት ሁሉ አብርተህ የራስህን በናስትሮ!» ድምፄ ደረጃውን ሞላው።

ምራቴ ሳቀች። አፏን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሳቀች። እንደሱ ነው፣ እንደሱ ነው፣ ጫማውንም ነገ አሰፋዋለሁ ይል ነበር፣ ትላለች። ጋጋሪዋ ነገሩ ሳይገባት አብራ ሳቀች።

ከሞተ ጀምሮ አልቅሼለታለሁ፣ ለምኜለታለሁ። ተቆጥቼው ግን አላውቅም። የሞተ ልጅ አይቆጡትም፤ እንደ ሥዕል ከፍ አድርገው ይሰቅሉታል። ትናንት አውርጄ ተቆጣሁት። ዕድሜውን ሙሉ እንደተቆጣሁት። ደግሞም የባሰ ወደድኩት።

ምስጋና፦ ይኸው ነው። ለዚህ ሌላ ቃል የለኝም።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ዳቦው ቀልቷል። ጋጋሪዋ የመጀመሪያውን ሙልሙል ለመሰላል ነው የሰጠችው፤ እየረዘመ ስለሚሄድ ብዙ መብላት አለበት ብላ። ቴሌቪዥኑ ከጥገና ተመለሰ። መብራቱ ልከኛ ነው፤ ምስር ለመልቀም መነጽሬን አደርጋለሁ።

ወንድምየው ዛሬ ደወለ። ምራቴ፣ እነግርሃለሁ፣ ብላ ዘጋችው። ከዚህ በኋላ ፈሪ አልሆንም ብዬ ምሳ ላይ አነሳሁባት። ሂጂ አልኳት። አፌ ነው ያላት፣ ግን እውነቴን ነው። ወጣት ነሽ፣ ሥራሽ እዚያ ይሰፋል፤ ዕቃውን ያቃጠለው የታመመ ሽቦ ድኗል፤ እኔም ካቻቢቴ መያዝ ለምጃለሁ፣ ብቻዬን አልጨልምም። ስትሄጂ አላኮርፍም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ ውሃ ጠጣሁ።

እሰማለሁ እማዬ፣ አለች። ከዚያ ሽሮ ልጨምርልዎ እንደሚል ሰው፣ ጨው አቀበለችኝ።

ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ምስጋና፦ ብያታለሁ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

መሰላል ለስፌት መኪናው ሌላ ሞተር አግኝቶ አመጣ። ሲገጥመው ምራቴ ተቀምጣ ታየው ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፤ ክንዴ ደስ አለው፣ ትንሽም ቅር አለው።

ከዚያ ምራቴ ተነስታ የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ መግፋት ጀመረች። ወዴት ነው ስላት አልመለሰችም። እኔና መሰላል ያዝንላት። ከጓዳዋ አውጥታ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ የሚመጣበት አስቀመጠችው። ለወንድሟ ትናንት ደውላለት ኖሮ፣ ቀዳጅ ሌላ ፈልግ፣ ስፌት ካለህ ግን ወደዚህ ላክልኝ፣ ብላዋለች። ይህን የነገረችኝ ጠረጴዛውን እያስተካከለች፣ እግሩ እንዳይወዛወዝ ካርቶን እያጠፈች ነው።

መስኮቱ ሥር ሶኬት የለም። ልጄ ሲሠራ እዚያ አላስፈለገም ነበር።

«እዚህ ጋ አንድ ሶኬት ይጨመርልኝ» አለችው።

መሰላል መሮውን ይዞ ወደኔ ዞረ። ግድግዳውን መቅደድ አለበት። የልጄን ግድግዳ። ምራቴም ወደኔ ዞረች፤ አሁን አንገቷን አልሰበረችም።

ወደ ግድግዳው ሄጄ ቦታውን በመዳፌ ዳበስኩት።

«ከፍ አድርገው» አልኩት። «ወለል ሳጥብ ውሃ እንዳይነካው።»